ከኢኤስኤ እና ከሀውሲንግ ቤኔፊት ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፦ ገንዘብ ሳይጎድል እንዴት መዛወር ይቻላል

እንግሊዝ አገር በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ኢኤስኤ የሚወስድ፣ ኪራዩን ደግሞ በሀውሲንግ ቤኔፊት የሚሸፍን ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ሁለቱም እየተዘጉ ነው። ምትካቸው በ2013 የተጀመረው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው። ስድስት የቆዩ ቤኔፊቶችን ጠቅልሎ በወር አንዴ ይከፍላል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ማንም አያዛውራችሁም። ደብዳቤ ይላክላችኋል፣ ማመልከት ግን የእናንተ ሥራ ነው። ቀኑ ካለፈ የድሮው ይቆማል፤ አዲሱም በራሱ አይጀምርም። ለሰው ፎርም ስሞላና ሳስተረጉም ከርሜያለሁ፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህች ነጥብ ነው።

ሁሉም ነገር አይነካም። ለአካል ጉዳትና ለሕመም የሚሰጡት ፒፕ፣ ዲኤልኤና አቴንዳንስ አላዋንስ፣ የልጅ ድጎማው ቻይልድ ቤኔፊትም ባሉበት ይቀጥላሉ። በናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ የሚገኘው የኢኤስኤ ዓይነትም ይቀጥላል፤ ግን ከዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ላይ ይቀነሳል። ካውንስል በጊዜያዊ ቤት ካስቀመጣችሁ ወይም ድጋፍ የሚሰጥበት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ኪራዩ በሀውሲንግ ቤኔፊት ይቀጥላል፣ የሚዛወረው ኢኤስኤው ብቻ ነው። የጡረታ ዕድሜ የደረሱትም ሀውሲንግ ቤኔፊታቸው አይነካም።

ደብዳቤው

ማይግሬሽን ኖቲስ ይባላል። ከላይ የተጻፈበት ቀን አለ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «እስከዚህ ቀን አመልክቱ» የሚል ሌላ ቀን አለ። በመካከላቸው ሦስት ወር ነው። የሚቆጠረው ከተጻፈበት ቀን እንጂ እናንተ ከፍታችሁ ካነበባችሁበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ፖስታ ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ አይከመር። ሁለተኛውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ደብዳቤውንም ፎቶ አንሱት። መንግሥት ደብዳቤዎቹን እስከ 2025 መጨረሻ ልኮ ዝውውሩን በማርች 2026 ለመጨረስ ነበር ያቀደው። እስካሁን ምንም ካላያችሁ ዲደብሊውፒ (ቤኔፊቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት) ዘንድ ያለው አድራሻችሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

ሆስፒታል ከገባችሁ ወይም የሚያግዛችሁ ካጣችሁ ቀኑ ሳያልፍ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውሉና ማራዘሚያ ጠይቁ። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ይበቃል፤ ነጻ ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም በስልክ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ ለልጁም ለእናቱም ከባድ ነው። ደግሞም ልጅ ያልገባውን ቃል ይዘለዋል።

ደብዳቤው ሳይመጣ አትንኩት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው።

አዲሱ ስሌት ለሁሉም አንድ አይደለም። ኢኤስኤ ሰፖርት ግሩፕ (ሥራም የሥራ ዝግጅትም የማይጠየቅበት ምድብ) ውስጥ ያለ ብዙ ሰው በዩኒቨርሳል ክሬዲት እንዲያውም ትንሽ ይጨመርለታል። የሚጎዳው ሲቪር ዲስአቢሊቲ ፕሪሚየም የሚታሰብለት ነው። ይህ ጭማሪ በአጭሩ የፒፕን ደይሊ ሊቪንግ (ለዕለት ኑሮ እርዳታ የሚከፈለውን) ለሚያገኝ፣ ብቻውን ለሚኖር፣ እሱን በመንከባከብ ኬረርስ አላዋንስ የሚወስድ ሰው ለሌለው ነው የሚሰጠው። በ2025/26 በሳምንት 82.90 ፓውንድ ነበር። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ ይህ ጭማሪ የለም። በወር ሲታሰብ ከ350 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለታመመ ሰው ቀልድ አይደለም።

ይህ ሰው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ትራንዚሽናል ፕሮቴክሽን የሚባል ከለላ አለ። የድሮው ድምር እና የአዲሱ ድምር ይነጻጸራሉ፤ አዲሱ ካነሰ ልዩነቱ ይሞላል። የድሮው ኪራይን ጨምሮ በወር 1,500፣ አዲሱ 1,300 ቢሆን 200 ፓውንድ ይታከልላችኋል።

ከለላው የሚሰጠው ግን ደብዳቤው ደርሶት በተባለው ቀን ውስጥ ላመለከተ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ብታመለክቱም ያተርፋችኋል፤ ማመልከቻው ወደ መጨረሻው ቀን ተመልሶ ይታሰባል። ከዚያ ወዲያ ከለላው የለም። እዚህች ወር ላይ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ደብዳቤው ሳይመጣ «እገሌ ተጨምሮለታል» ተብሎ የሚሞላ ፎርም ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። አንዴ ከገባ ወደ ድሮው መመለስ የለም። ሳያስቡትም ሊገቡበት ይችላሉ። የማውቃት አንዲት እህት ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታ ደስ ብሏት ወደ ሌላ ካውንስል ተዛወረች። አዲሱ ካውንስል አዲስ ሀውሲንግ ቤኔፊት አይከፍትም፤ ለኪራይ የግድ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ማመልከት ሆነባት። ያለ ደብዳቤ ስለገባች ሙሉ ከለላው ቀረባት። ፕሪሚየሙ ለነበራቸው የተወሰነ ማካካሻ አለ፣ ጉድለቱን ግን አይሞላም። ቤት ልትቀይሩ ወይም ከሰው ጋር አብራችሁ ልትኖሩ ከሆነ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት አማካሪ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይነግራችሁም፦ ከለላው ይቀልጣል። በየዓመቱ አያድግም። ሌላው ክፍያ ሲጨምር በዚያው ልክ እሱ ይቀንሳል። ኪራያችሁ 30 ፓውንድ ጨምሮ የኪራይ ድጎማው በ30 ካደገ ያ 200 ወደ 170 ይወርዳል። ትዳር ሲመሠረት ወይም ሲፈርስም ጭራሹን ያበቃል። ስለዚህ ወራት አልፈው ከለላው ሲያንስ ስታዩ «ሰረቁኝ» አትበሉ፤ መጀመሪያ ምን እንደጨመረ ተመልከቱ።

ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት

የራሳችሁ ኢሜይል ይኑራችሁ፤ የጓደኛ ኢሜይል አይሆንም። የባንክ ሒሳብ፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የኪራይ ውልና የቅርብ የኪራይ ደብዳቤ አዘጋጁ። የብሪታንያ ፓስፖርት የሌላችሁ ደግሞ ኢቪዛችሁ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የኦንላይን መዝገብ) መከፈቱን አስቀድማችሁ እዩ። የፕላስቲኩ ቢአርፒ ካርድ ጊዜው አልፎበታል፤ ለማሳየት የሚያስፈልገው ከኢቪዛው ላይ የሚወጣው ሼር ኮድ ነው። ማታ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ይህን መክፈት መጀመር ራስ ምታት ነው።

ዕቁብ ወጥቶላችሁ ባንክ ከገባ እንደ ቁጠባ ነው የሚታየው። ቁጠባ ከ6,000 ፓውንድ ካለፈ ለእያንዳንዱ 250 በወር 4.35 ይቀነሳል፤ ከ16,000 በላይ ከሆነ ክፍያው አይኖርም። አዲስ አበባ በስማችሁ ስላለ ኮንዶሚኒየምም ፎርሙ ይጠይቃል፤ ከምትኖሩበት ሌላ ንብረት እንደ ሀብት ሊቆጠር ይችላል። መደበቅ መፍትሔ አይደለም፤ የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃሉ። ከመሙላታችሁ በፊት ለአማካሪ በግልጽ ንገሩ።

ፎርም ለመሙላት ገንዘብ የሚያስከፍሉ ሰዎች አሉ። አትክፈሉ። የምክር ድርጅቱ የሲቲዝንስ አድቫይስ «ሄልፕ ቱ ክሌይም» በነጻ እስከ መጀመሪያው ክፍያ ድረስ ያግዛችኋል፤ በእንግሊዝ ስልኩ 0800 144 8444 ነው። ኦንላይን የማይሆንላችሁ ከሆነ በስልክም ማመልከት ይቻላል። ፎርሙን በስልክ ስክሪን አውቶቡስ ውስጥ መሙላት ግን አልመክርም። ላይብረሪ ሂዱና በኮምፒውተር፣ ተረጋግታችሁ።

መሙላት

ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም አካውንት ትከፍቱና በኮድ ታገናኙታላችሁ። ስም፣ አድራሻ፣ ልጆች የሚለውን አልዘረዝርም፤ ግልጽ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ላይ ግን ተጠንቀቁ።

አንደኛው የጤናው ነው። «ሥራ ለመሥራት የሚያግድ ሕመም ወይም አካል ጉዳት አለህ?» ሲል አዎ በሉ። «ኢኤስኤ እንደምወስድ ያውቃሉ» ብሎ መዝለል የለም። ሰፖርት ግሩፕ የነበረ ሰው ያለ አዲስ ምርመራ፣ ያለ ሦስት ወር ጥበቃ፣ በቀጥታ የጤና ጭማሪውን ማግኘት አለበት። እንዲህም ሆኖ አንድ ጆብሴንተር ሲክ ኖት (የሐኪም ማስረጃ) አምጣ ብሎ ሰውን ሲያመላልስ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሏችሁ አትከራከሩ፤ ጆርናሉ (አካውንታችሁ ውስጥ ያለው መልእክት መጻጻፊያ) ላይ «ማይግሬሽን ኖቲስ ደርሶኝ ነው ያመለከትኩት፣ ኢኤስኤ ሰፖርት ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ» ብላችሁ ጻፉ። በቃል የተባለ ይረሳል፣ ጆርናል ላይ የተጻፈ ግን ቀንና ሰዓት አለው።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። የካውንስል ኪራይ ብዙ ጊዜ በሳምንት ነው። «በሳምንት» የሚለውን ምረጡና የሳምንቱን ቁጥር ጻፉ። በአራት አባዝታችሁ «በወር» ካላችሁ ትከስራላችሁ። 130 ፓውንድ በአራት 520 ነው፤ ትክክለኛው ስሌት ግን በ52 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው፣ 563.33 ይመጣል። በየወሩ 43 ፓውንድ ከኪሳችሁ ማለት ነው። ኪራይ የማይከፈልባቸው ሳምንታት ካሉም አብራችሁ ግለጹ።

ፎርሙ የሚላክበት ቀን የደመወዝ ቀናችሁን ይወስናል። በ20 ብትልኩ የወሩ ስሌት እስከ 19 ይሄዳል፤ ብሩ በ26 ይገባል። ይህ በየወሩ የሚደጋገም ነው። ኪራይና ዳይሬክት ዴቢት መቼ እንደሚወጣ አይታችሁ ቀን ምረጡ፤ ከመጨረሻው ቀን አስቀድማችሁ እንጂ።

ከላካችሁ በኋላ ኮሚትመንት የሚባል ውል አካውንታችሁ ላይ ይመጣል። ሥራ ፈልጉ ባይባሉም መቀበል አለባችሁ። ሳይቀበሉት ክፍያ የለም።

አምስቱ ሳምንት

የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ኢኤስኤውም ሀውሲንግ ቤኔፊቱም ሁለት ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ይከፍላሉ፤ ይህ አይመለስም። ቀሪውን አድቫንስ ወስዶ መሻገር ይቻላል። አድቫንስ ግን ብድር ነው፣ እስከ 24 ወር እየተቆረጠ ይመለሳል። ወለድ የለውም፤ ያም ሆኖ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ውሰዱ። «የሚሰጡህን ሁሉ ውሰድ» የሚለው ምክር በኋላ በየወሩ ያስቆጫል።

በዚህ ጊዜ የኪራይ ሒሳባችሁ ዕዳ ያሳያል፣ ምክንያቱም የቤት ባለቤቱ ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ደግሞ ወሩ ካለቀ በኋላ ይከፍላል። ማስፈራሪያ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ለሀውሲንግ ኦፊሰራችሁ ባመለከታችሁበት ቀን ንገሩ። ከዚህ በኋላ የኪራዩ ገንዘብ በእናንተ እጅ ነው የሚገባው። በስኮትላንድ በቀጥታ ለቤት ባለቤቱ ይከፈል ብሎ መምረጥ ይቻላል፤ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ግን ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል፦ ውዝፍ ኪራይ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ገንዘብ መያዝ አለመቻል። ይህ ከሆነ በጆርናል ጠይቁ።

ካውንስል ታክስን አትርሱ። የሱ ቅናሽ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ የለም፤ ከካውንስሉ ለብቻው ይጠየቃል። ሀውሲንግ ቤኔፊት ሲቆም አብሮ የሚቋረጥባቸው ሰዎች አሉ።

ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አሳውቁ። የሚፈቀደው አንድ ወር ነው፤ የቅርብ ዘመድ ከሞተ አንድ ወር ሊጨመር ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያ ሳይገባ ባትሄዱ ይሻላል፤ ለማንነት ማረጋገጫ በአካል ሊጠሯችሁ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስቴትመንት

ከድምሩ በፊት መስመሮቹን እዩ። መሠረታዊው ክፍያ፣ የኪራይ፣ ከሰፖርት ግሩፕ ለመጡት የጤና ጭማሪው፣ የድሮው ድምር ይበልጥ የነበረ ደግሞ ትራንዚሽናል ፕሮቴክሽን። አንዱ ከጎደለ በጆርናል ጠይቁ። መልሱ ካልጣማችሁ በአንድ ወር ውስጥ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ) ጠይቁ፤ እሱም ካልሆነ ወደ ትሪቡናል ይኬዳል። የድሮ ዕዳ እየተቆረጠ ከሆነም ያዩታል፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለዕዳ የሚቆረጠው በአብዛኛው ከመሠረታዊው ክፍያ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል።

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ የካውንስልና የሀውሲንግ አሶሲዬሽን ኪራይ ይቀየራል። ሀውሲንግ ቤኔፊት እያለ ካውንስሉ ራሱ ያስተካክለው ነበር። አሁን ግን አካውንታችሁ ላይ «ኪራይህ ተቀይሯል?» የሚል ቱ-ዱ (መመለስ ያለበት ማሳሰቢያ) ይመጣል። ከቤት ባለቤቱ የመጣውን ደብዳቤ ይዛችሁ አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ካላስገባችሁ በድሮው ኪራይ መከፈሉ ይቀጥላል፣ ልዩነቱም በየሳምንቱ በስማችሁ ይጠራቀማል።