ማሽኑ ይጮኻል፣ ጅግለሩ ግን አልጸዳም

የባጃጅ ካርቡሬተር የሚፈታ መካኒክ፣ ሰዓት ሠሪ፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ ብር አንጥረኛ፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ገዝቶ «ይሄ እንኳ ጩኸት ብቻ ነው» ብሎ መደርደሪያ ላይ የሰቀለ አይጠፋም። አብሽሩ፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ከገንዳው ሥር የተለጠፉት ነዛሪዎች በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ ያህል ሲንቀጠቀጡ ውሃው ውስጥ ደቃቅ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹ ዕቃው ላይ ሲፈርሱ ነው ቆሻሻውን ፈንቅለው የሚያነሱት። የሚያጸዳው እንግዲህ ውሃው ነው። ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ድምፁ አለ፣ ዕቃው ግን እንደገባ ወጣ

አሁን ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ አየር የሟሟበት ነው፤ አየሩ የአረፋዎቹን ምት ያለዝበዋል። ዕቃ ሳትከቱ ሳሙናውን ጨምራችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስነሡት፤ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያችኋል፣ ድምፁም እየሰላ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሙቀቱ። የደሴ የጠዋት ውሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለቅባትና ለደረቀ ቤንዚን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይበቃል። «ይበልጥ ቢሞቅ ይበልጥ ያጸዳል» የሚለው ግን ስህተት ነው፤ ውሃ ወደ መፍላት በተጠጋ ቁጥር አረፋዎቹ በእንፋሎት ይሞሉና ሲፈርሱ ጉልበት አይኖራቸውም። ደሴ ደግሞ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 80 ላይ ማድረስ ኤሌክትሪክ ማባከን ነው።

ያለ ሳሙና ባዶ ውሃ ቅባት አይለቅም። አረፋው የማይበዛ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል። በረኪና ግን አይግባ፤ ክሎሪኑ የማይዝገውን ብረት ራሱን እየበሳ የገንዳውን ዕድሜ ያሳጥራል። ዕቃው ደግሞ በቅርጫት ይንጠልጠል እንጂ ወለሉ ላይ አይረፍ፤ ንዝረቱን አፍኖ ወለሉን ይፍቃል። ቅርጫቱን ጠቅጥቆ መሙላትም ያው ነው፤ ከኋላ የተደበቀው ዕቃ ምንም አይደርሰውም።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ጥርጣሬ ከቀረ የኩሽና አሉሚኒየም ፎይል ቁረጡና ወለሉን ሳይነካ ቀጥ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ስታወጡት ከዳር እስከ ዳር የተበሳሳና የተጨማደደ ከሆነ ማሽኑ ደኅና ነው። አንዱ ወገን ብቻ ተበስቶ ሌላው ለስላሳ ከቀረ በዚያ በኩል ያለው ነዛሪ ሞቷል ወይም ከገንዳው ሥር ለቋል፤ ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። የፎይሉን ብጥስጣሽ ግን ጠርጋችሁ አውጡ።

ካርቡሬተሩ ከላይ አበራ፣ ሞተሩ ግን ያው ያንኳኳል

ይሄኛው ብዙ ሰው ያደናግራል። ፈሳሽ ያልደረሰበት ቦታ አይጸዳም። ካርቡሬተሩን ገልብጣችሁ ስትከቱት በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ውስጥ አየር ታስሮ ይቀራል፤ ውጩ እንደ ብር እያበራ ውስጡ ደረቁን ይወጣል። ሲገባ አዘንብሉት፣ አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም አገላብጡት፣ በየ5 ደቂቃውም ጎኑን ቀይሩ። ጅግለሮቹ (ቤንዚን የሚያልፍባቸው ቀጭን ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ ብሎኖች)፣ ተንሳፋፊውና ላስቲኮቹ ሁሉ ቀድመው ይፈቱ። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በኮምፕሬሰር መንፋት ነው። በሽቦ መጎርጎር የለመዳችሁ ተዉት፤ ጅግለር የነሐስ ነው፣ ትንሽ ቢሰፋ ባጃጁ ቤንዚን ጠጪ ይሆናል።

«ቤንዚን ብንሞላበት አይፈጥንም?»

አይሆንም። ቤንዚን፣ ቲነር፣ አልኮል ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ማሽኑ ያሞቃል፣ ትነቱ ይነሣል፣ ከሥር ደግሞ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለ። በብርጭቆ አድርጎ ውሃው መሃል ማስቀመጥም ያው እሳት ነው። በቅባት የተጋገረ ዕቃ ካለ መጀመሪያ ደጅ ላይ በናፍጣና በብሩሽ አስለቅቁት፤ ማሽኑ የሚቀጥለው ከዚያ ነው።

አሉሚኒየሙ ጠቆረ

ኮስቲክ ሶዳ ወይም ኃይለኛ የቅባት ማስለቀቂያ ገብቶበታል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለውን አይችልም። ሎሚና ኮምጣጤም መፍትሄ አይደሉም፤ ብዙው የካርቡሬተር ገላ ዚንክ ስላለበት አሲድ ይበላዋል። ወዲያው በብዙ ውሃ አለቅልቁ፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ወዲያ በለዘብተኛ ሳሙና፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ።

ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ዛገ

ዘይቱ ስለታጠበ ነው፤ ክረምት ላይ ይብሳል። በሙቅ ውሃ አለቅልቆ፣ በአየር ነፍቶ፣ ሳይውል ሳያድር ቀጭን ዘይት መቀባት። የታሸገ ኩሽኔታ ጭራሽ አይግባ፤ ግራሱ ወጥቶ ውሃ ይገባበታል።

የኦፓሉ ቀለበት ተበላሸ

ለአንጥረኞች። በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በደላንታ ወገልጤና የተገኘው የወሎ ኦፓል ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ነው። ሳሙናና ቅባት ያለበትን ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፣ መስታወት ይመስላል፤ ንዝረቱም ሊሰነጥቀው ይችላል። ካልተሰነጠቀ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይም እሳትም አታሳዩት። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል። የተሰነጠቀው ግን መድኃኒት የለውም። አምበርና ሉልም እዚሁ ምድብ ናቸው፤ ድንጋዩ መነቀል ካልቻለ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ሲነኩት ይነዝራል፣ ወይም ጨርሶ አይነሣም

የሚነዝር ማሽን ወዲያው ይነቀል። ሁለት እግር ባለው ማከፋፈያ የተሰካ ከሆነ የመሬት ሽቦው አልተገናኘም ማለት ነው፤ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ላይ አድርጉት፣ ውሃውንም ከነቀላችሁ በኋላ ድፉ። ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ ፊውዙንና ከጀርባው የተለጠፈውን ቮልት እዩ፤ 110 የተጻፈበት በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር አይቅር። ውሃ ከምልክቱ በታች ሆኖም አታስነሡ፤ ማሞቂያውም ነዛሪዎቹም ያልቃሉ።

ዘይት የገባበትን ያገለገለ ውሃ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ለአንድ ሌሊት ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀድታችሁ ከቆሻሻ ዘይት ጋር አጠራቅሙት።

ገና ላልገዛችሁ

ለካርቡሬተር የ3 ሊትሩ ይበቃል፤ በተለምዶ የውስጡ ልክ 24 በ14 በ10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ለመነጽርና ለቀለበት የተሠራችው የ600 ሚሊ ሊትር ትንሿ ለጋራዥ አትሆንም። 40 ኪሎኸርዝ (ያ በሴኮንድ 40 ሺህ ንዝረት) ለአብዛኛው ሥራ ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ግን ያታልላል፤ የማሞቂያው ከአልትራሳውንዱ ጋር ተደምሮ «300 ዋት» ይባላል። ሻጩን ለየብቻቸው ጠይቁት፤ ለ3 ሊትር የአልትራሳውንዱ ብቻ 100 ዋት አካባቢ ካልሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይም እለፉ። ፎይሉንም በኪሳችሁ ያዙ፤ ሱቁ ውስጥ ውሃ አስሞልቶ ማስፈተን ያልፈቀደ ሻጭ ጋር አትከራከሩ።