የቱርቦ ሞተር ከርስ በአግባቡ እንዲተነፍስ ማድረግ

ፋሻው (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያሽገው ቀለበት) አዲስ፣ ሲሊንደሩም በልኩ የተሞረደ ቢሆን እንኳ፣ ከቃጠሎው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ክራንክሻፍቱ ወደሚዞርበት የሞተሩ ከርስ መውረዱ አይቀርም። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) በተገጠመለት የቤንዚን ሞተር ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያይል፣ የሚወርደውም ጋዝ ይበዛል። ይህ ጋዝ በቂ መውጫ ካጣ ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማሸጊያ ጎማውን) ገፍቶ ዘይት ያስፈስሳል፤ ከዚህም የከፋው፣ ከቱርቦው በራሱ ክብደት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) መውረድ የሚገባውን ዘይት መንገድ ስለሚዘጋበት፣ ዘይቱ በቱርቦው ማሸጊያ አልፎ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምልክት ብቻ ተነሥቶ ደህና ቱርቦ መቀየር የሚያሳዝን ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይለኩ። ፒስተኑን በላይኛው የመጨመቂያ ጫፍ አቁመው በሻማው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይልቀቁ፤ ከአየሩ ከመቶ 20 በላይ የሚያመልጥ ከሆነና ድምፁ በዘይት መሙያው በኩል ከተሰማ፣ ችግሩ የፋሻ ነውና በቱቦ አይፈታም። ፋሻው ደህና ከሆነ፣ ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ ጌጅ በዘይት መለኪያው ቱቦ ላይ አስረው ሞተሩን በሙሉ ጭነት ይፈትኑ። ንባቡ ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም።

ቀጥሎ ፒሲቪ ቫልቩን (የከርሱን ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ ብቻ የሚያሳልፈውን ባለ አንድ አቅጣጫ መዝጊያ) ይመርምሩ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) መሳብ ጋዙን በዚህ ቫልቭ በኩል ይወስደዋል፤ ቱርቦው መንፋት ሲጀምር ግን ቫልቩ ፈጽሞ መዘጋት አለበት፣ አለዚያ የታመቀው አየር ወደ ከርሱ ይገባል። ፈትተው ከማኒፎልዱ ወገን ሲነፉበት አየር ካሳለፈ ይቀይሩት። (ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የሚኒሞው የመሳብ ንባብ ከባሕር ጠለል በ7 ኢንች ሜርኩሪ (የመሳብ ኃይል መለኪያ) ያህል እንደሚያንስ ያስታውሱ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ቫልቩን አይጣሉ።)

ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ ጋዙ ሁሉ ከቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ክዳን ተነሥቶ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር መግቢያ በሚሄደው ቱቦ ላይ ይወድቃል። ይህን ቱቦ በውስጥ ስፋቱ ከ16 እስከ 19 ሚሊሜትር በሆነ፣ ዘይት በማያቀልጠውና በመሳብ በማይጨፈለቅ ቱቦ መተካት ከሁሉም የሚበልጥ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጋዙ ጋር የሚመጣውን ዘይት የሚያስቀረው ዘይት መያዣ ጣሳ የሚገባው በዚህ መስመር መሐል ነው። በውስጡ መከለያና የብረት መረብ ያስፈልገዋል፤ ባዶ ጣሳ የዘይቱን ጉም አይለይም። ወደ ሲሊንደር የሚመለስ ዘይት የቤንዚኑን ኦክቴን (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅም) ስለሚያወርድ ሞተሩን ለማንኳኳት ይዳርገዋል። ጣሳውን ከጭስ ማውጫው አርቀው ቀጥ አድርገው ይሰሩት፤ የሚጠራቀመው ዘይት ውሃና ቤንዚን የተቀላቀለበት ስለሆነ ወደ ሞተሩ አይመልሱት። ጣሳውን በማጣሪያ ብቻ ወደ ውጭ መክፈት የሚስበውን ኃይል ያሳጣል፤ ለመንገድ መኪና አልመክረውም።

ጋዙን ከከርሱ የሚስብ፣ በቀበቶ የሚዞር የቫኪዩም ፓምፕ ለውድድር ሞተር ነው። ዘይቱ በኮፓ በሚቀመጥ ሞተር ከ12 እስከ 15 ኢንች ሜርኩሪ እንዳያልፍ በመቆጣጠሪያ ቫልቭ መገደብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የፒስተኑን ስፒኖት (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ፒን) የሚያርሰው የዘይት ርጭት ይቀንሳል።

ሥራው ሲያልቅ በዚያው ጌጅ እንደገና ይለኩ። ጌጁ ጤናማ ሆኖ ሳለ ጣሳው ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ፣ ትልቅ ጣሳ ከመፈለግ በፊት ዘይቱ ከልኩ በላይ አለመሞላቱንና ከቴስታታው ወደ ኮፓ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በዝቃጭ አለመደፈናቸውን ያረጋግጡ።