ቤትዎ በሐራጅ ሊሸጥ ነው ሲባሉ፦ ሰነዶቹን ከውጭ አገር ሆኖ ስለ መመርመር

በውጭ አገር የሚኖር ባለቤት ኢትዮጵያ ያለው ቤቱ በባንክ ሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከባንኩ ሳይሆን ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ካየ ዘመድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በስልክ ልመናና በቤተሰብ ወቀሳ ያልቃሉ። መቅደም ያለበት ግን ወረቀቱ ነው። ከሐራጁ ማስታወቂያ በፊት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው በፊት የብድርና የመያዣ ውል፣ ባለቤቱ ውጭ ከሆነ ደግሞ ከውሉ በፊት ውክልና አለ። መከላከያው የሚገኘው ከማስታወቂያው ወደ ኋላ እየተጓዙ እያንዳንዱን ሰነድ በመፈተሽ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ መከራከሪያ መተው ይገባል። «ፍርድ ቤት ሳይፈርድ ቤቴ እንዴት ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ በባንክ ላይ አይሠራም፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በውል የተስማሙ እንደሆነ መያዣውን ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። ይህ ሥልጣን ግን ገደብ አለው። ሥልጣኑ በውሉ ላይ መስፈር አለበት፤ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል፤ ሐራጁም እንደ አግባቡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 394 እስከ 449 ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት መካሄድ አለበት። ባንኩ ይህን ሥርዓት ተላልፎ ባለዕዳውን ቢጎዳ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። አበዳሪው ግለሰብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ «ካልከፈልህ ቤቱ የእኔ ይሆናል» የሚለውን ዓይነት ስምምነት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 አይቀበለውም፤ ግለሰቡ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይኖርበታል።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ሲያገኙ የተጻፈበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተላከበትን አድራሻ ይመልከቱ። አብዛኛው ውል ደብዳቤ በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ከተላከ እንደደረሰ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ አለው፤ ያ አድራሻ ደግሞ ተከራይ የሚኖርበት ያው ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመያዣ የተያዘ ቤት ያለው ሰው ክርክር ባይኖርበትም የውጭ አድራሻውንና ኢሜይሉን ለባንኩ በጽሑፍ አስታውቆ፣ ደብዳቤውን ባንኩ የተቀበለበትን ማስረጃ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ከዚያ ወደ መያዣ ውሉ ይሂዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመያዣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዋስትና የተሰጠበትን ገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ብር እንዲገልጽ ያዛል (ቁጥር 3045)፤ ውጤት የሚኖረውም ቤቱ ባለበት አካባቢ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው (ቁጥር 3052)። የምዝገባው ውጤት ካልታደሰ በቀር ለ10 ዓመት ብቻ ይቆያል (ቁጥር 3058)። የቆየ ብድር ያለበት ቤት ላይ ይህች ነጥብ ክርክሩን ልትለውጥ ትችላለች፤ ነገር ግን የሚመለከታት ሰው ጥቂት ነው። የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ ይዞታውን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ይጠየቅና ቀኖቹ ከውሉ ቀን ጋር ይነጻጸሩ።

አብዛኛው ክርክር የሚነሣው ግን በውክልናው ነው፤ እዚህ ላይ ራስን ማታለል አይገባም። ሰዎች «ሰነዱ ተጭበርብሯል» ይላሉ፤ ሲመረመር ግን ውክልናው እውነተኛ ሆኖ ይገኛል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው የፈረሙበት የተለመደ ቅጽ «ቤቴን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ» የሚሉትን ቃላት ከኪራይ መሰብሰብና ከግብር መክፈል ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ደርድሯቸዋል፤ ፈራሚውም ኪራይ ለሚሰበስብለት ወንድሙ ቤቱን የማስያዝ ሥልጣን መስጠቱን ልብ አላለም። በአንጻሩ ውክልናው ጠቅላላ ብቻ ሆኖ ማስያዝን በግልጽ ካልጠቀሰ የዚሁ ሕግ ቁጥር 2205 ይረዳዎታል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋልና። ሥልጣኑ ኖሮ ወኪሉ ለራሱ ጥቅም ከተገለገለበት፣ ለምሳሌ ቤትዎን ለራሱ የንግድ ብድር ካስያዘና ውል የተዋዋለው ወገን ይህን የጥቅም ግጭት ያውቅ ከነበረ፣ ቁጥር 2187 ውሉን ለማሰረዝ በር ይከፍታል፤ ነገሩን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ጊዜ 2 ዓመት ስለሆነ ግን ቤተሰብ እስኪታረቅ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ውክልናውን ከሻሩም መሻሩን ወኪሉ ብቻ ማወቁ አይበቃም። የመሻሪያው ሰነድ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ ባንኩም በጽሑፍ ይነገረው፤ ዋናው ቅጂ ከወኪሉ እጅ ይመለስ። ያልተነገረው ሦስተኛ ወገን በአሮጌው ውክልና ሲዋዋል ባለቤቱ ሊጠየቅ ይችላል።

ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ወገን በአንቀጽ 69 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው አጭር ነው፤ ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ። ካርታው በአንደኛው ስም ብቻ ስለሆነ መብት የለኝም ብሎ የሚተው ሰው በከንቱ ይከስራል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤቱ የሚገኝበት ክልል ሕግ መታየት አለበት።

ፊርማው በእርግጥ የእርስዎ ካልሆነ ግን መጀመሪያ ፓስፖርትዎን ያውጡ። ውሉ ኅዳር 5 ቀን 2013 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ ቢል ያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2020 ነው፤ በዚያ ዕለት በሌላ አገር እንደነበሩ የመግቢያና መውጫ ማኅተም ሊያሳይ ይችላል። ቀኑን ሲቀይሩ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን አይዘንጉ፤ በዚህ ስሕተት የተበላሸ ማስረጃ ተቃራኒ ወገንን ብቻ ይጠቅማል። ለፖሊስ የሚቀርበው የሐሰተኛ ሰነድ አቤቱታና በፍርድ ቤት የሚጠየቀው የፊርማ ምርመራ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ የወንጀል አቤቱታ ብቻውን ሐራጅን አያቆምም።

እግድ ለማግኘት የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ፍርድ ቤቶች የባንክን ሐራጅ ለማገድ ሲያመነቱ ይታያል፤ መብት ተጥሷል የሚለው ወገንም ወደ ካሣ ጥያቄ የሚመራበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አቤቱታው «ባንኩ በደለኝ» በሚል ሮሮ ሳይሆን፣ ማስጠንቀቂያው አልደረሰም፣ ወኪሉ ሥልጣን አልነበረውም፣ ወይም ባለቤቱ ፈራሚ አይደለም በሚል በአንድ ግልጽ ነጥብና በሰነድ መደገፍ አለበት። ለዚህ የሚቀጥሩት ጠበቃ የሚሠራበት አዲስ ውክልና ለዚህ ክርክር ብቻ የተወሰነ ይሁን፤ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪመዘገብ ጊዜ ስለሚወስድ ማስታወቂያውን በሰሙ ዕለት ይጀመር።

ሐራጁ ተካሂዶ ቤቱ ከተሸጠም የሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠየቅ፦ ዋናው ብድር፣ ወለዱ፣ ወጪው፣ የተሸጠበት ዋጋ። ከዕዳው የተረፈ ገንዘብ ለባንኩ አይቀርም። ቤትዎን ለሌላ ሰው ዕዳ በመያዣነት ብቻ ሰጥተው ከሆነና የግል ዋስትና ካልፈረሙ፣ ከሽያጩ በኋላ የቀረውን ዕዳ የሚከፍለው ተበዳሪው እንጂ እርስዎ አይደሉም።