ስኖው ስትጠርጉ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ (በተለይ ሚኒሶታ ላላችሁ)

ሚኒሶታ ቤት ገዝታችሁ ወይም ሙሉ ቤት ተከራይታችሁ የመጀመሪያ ዊንተራችሁን የምትጠብቁ ሁሉ ስኖው ሳይወርድ በፊት ይሄን አንብቡልኝ። አፓርታማ እያላችሁ የሚጠርገው ሌላ ሰው ስለነበር ማንም አላሳያችሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ደሞ ሀይዌዩ አይደለም፣ ሀይዌዩንማ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠርጉት ነው የሚያድሩት፣ የሚያሳስበኝ ከበራችሁ እስከ መኪናችሁ ያለችው አጭር መንገድ ናት፣ እናቶቻችን ወድቀው ዳሌያቸው የሚሰበረው እዛች ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ማቆየት ነው። ከስራ መግባቴ ነው፣ ደክሞኛል፣ ነገ ፀሐይ ያቀልጠዋል ይባላል። ፀሐይዋ እውነትም ታቀልጠዋለች ግን ግማሹን ነው፣ የቀለጠው ውሃ ማታ ተመልሶ ይቀዘቅዝና ጠዋት ስትወጡ መሬቱ እርጥብ ብቻ ይመስላችኋል፣ ብላክ አይስ የሚባለው እሱ ነው፣ አይታይም። በዛ ላይ ሰው ሲረግጠው መኪና ሲሄድበት ያ ለስላሳ የነበረው ስኖው ተጠቅጥቆ ከኮንክሪቱ ጋር ይጣበቃል፣ ከዛ በኋላ በአካፋ አይነሳም፣ መፈንቀል ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ጥረጉ። ብዙ ኢንች ይወርዳል ከተባለ ደሞ እስኪያባራ አትጠብቁ፣ መሀል መሀል ላይ ወጣ እያላችሁ ትንሽ ትንሹን ግፉት፣ አንዴ ተከምሮ ከሚጠብቃችሁ ሁለት ሶስት ጊዜ ቀለል ያለውን መግፋት ለወገብም ይሻላል።

ህጉም አያቆይም። ሚኒያፖሊስ ባንድና በሁለት ቤተሰብ ቤት የምትኖሩ ስኖው ካቆመ በኋላ ያላችሁ ጊዜ 24 ሰዓት ነው፣ አፓርታማና ንግድ ቤት ከሆነ ደሞ 4 የቀን ሰዓት ብቻ። ሴንት ፖልም 24 ሰዓት ነው። ሳይድዎኩን (ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ) ለአንድ ሰው ማለፊያ ብቻ ቀዶ መተው አይቆጠርም፣ ዊልቸርና የልጅ ጋሪ እንዲያልፍ ሙሉ ስፋቱን እስከ መሬቱ ድረስ ነው መጥረግ ያለባችሁ፣ ካልሆነ ከተማው ራሱ አስጠርጎ ሂሳቡን ለባለቤቱ ይልካል። ዴንቨር ለመኖሪያ ቤት 24 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደሞ ካቆመ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓቶች ናቸው። ተከራዮች ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት፣ መጥረግ የማን ስራ እንደሆነ እዛ ላይ ሳይፃፍ አይቀርም።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከረጢቱን ተሸክሞ ወጥቶ ስኖው ላይ መገልበጥ! ጨው ስኖው አይጠርግም። የጨው ስራ መሬት ላይ የተጣበቀችውን ስስ በረዶ ማላቀቅ ነው፣ ወፍራም ስኖው ላይ ስትደፉት ግን የቀለጠው ውሃ ጨዉን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ደሞ ተመልሶ ይቀዘቅዛል፣ ከበፊቱ የባሰ ሸርታታ ሰርታችሁ ገባችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ በአካፋ እስከ መሬት ጥረጉ፣ ከዛ የቀረች ግግር ካለች እሷ ላይ ብቻ ጨው፣ መሬቱ ፀድቶ ከደረቀ ምንም ጨው አያስፈልግም።

መጠኑም እንደዛው። 12 አውንስ የምትይዝ የቡና ማግ አንዷ ለ20 ጫማ ድራይቭዌይ (የመኪና መግቢያ) ወይም ለ10 የሳይድዎክ ንጣፍ ትበቃለች። ዘር እንደሚዘራ ገበሬ በትኑት፣ በቅንጣትና በቅንጣት መሀል 3 ኢንች ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ስትረግጡት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በዝቷል፣ ጠርጋችሁ አንሱትና ለሌላ ቀን አስቀምጡት። ይሄን የምለው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ትበክላለች፣ መንገድ ላይ ያለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ደሞ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ሀይቆቹና ወደ ሚሲሲፒ ነው የሚሄደው፣ አንዴ ውሃ ውስጥ የገባ ጨው ደሞ በቀላሉ አይወጣም። በበጋ ልጆቻችንን ይዘን ኖኮሚስ ሀይቅ የምንወርደው እኛው ነን።

ሌላው ቴርሞሜትር አለማየት ነው። ተራው ጨው፣ ሶዲየም ክሎራይድ የሚባለው፣ መሬቱ ከ15 ፋራናይት በታች ሲቀዘቅዝ (በሴልሺየስ 9 ከዜሮ በታች መሆኑ ነው) እዚህ ግባ የሚባል ስራ አይሰራም። ጃንዋሪ ላይ እዚህ ሀገር ከዜሮ ፋራናይት በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም፣ ሰው ግን አልሰራም እያለ ይጨምርበታል፣ ይጨምርበታል፣ ምንም። እንደዛ ሲሆን ከረጢቱ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ የሚል ፈልጉ፣ እሱ እስከ 20 ከዜሮ ፋራናይት በታች ድረስ ይሰራል። ወይ ደሞ አሸዋ። አሸዋ አያቀልጥም ግን እግር ይይዛል፣ የፈለገ ብርድ ቢሆን ስራውን አያቆምም፣ ሚኒያፖሊስ ለነዋሪ በነፃ ይሰጣል፣ ባልዲ ይዞ ሄዶ መሙላት ነው። በዚህ ሁሉ ብርድ እኔ ብትጠይቁኝ አሸዋን አስቀድማለሁ።

በዚህ በጋ አዲስ ኮንክሪት ያስፈሰሳችሁ ካላችሁ የመጀመሪያውን ዊንተር ጨው ጭራሽ አታስነኩት፣ ገና ስላልጠነከረ ውሃው ውስጡ እየገባ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ፊቱን ይልጠዋል፣ ያን ሁሉ ብር አውጥታችሁ። አሮጌም ሆነ አዲስ አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለበትን አትግዙ፣ ኮንክሪቱን ራሱን ነው የሚበላው።

የፈላ ውሃ መድፋት? በፍፁም። ለደቂቃ ያቀልጥና ተመልሶ ይቀዘቅዛል፣ ደረጃው መስታወት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ስኖው መጥረግ ከባድ ጉልበት ነው፣ ብርዱ የደም ስር ያጠባል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ደሞ በድንገት ብዙ ስራ ይጫንባታል፣ በየዓመቱ አካፋ ይዘው በሃርት አታክ የሚወድቁ ሰዎች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ላይ ወይም ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ልቡን የታከመ ሰው አካፋ ባያነሳ ይሻለዋል፣ ለሰፈር ልጅ ከፍላችሁ አስጠርጉ። ብዙዎቻችን ደሞ የነቢያት ፆምም ዓቢይ ፆምም የሚውልብን በዚሁ በስኖው ወራት ነው፣ ከሌሊት ሺፍት ገብቶ እንቅልፍ ሳይተኛ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሙሉ ድራይቭዌይ ለመጨረስ መሯሯጥ ልክ አይደለም፣ የቸኮላችሁ እንኳ ቢሆን የመውጫዋን ያህል ብቻ ጥረጉና የቀረውን እህል ከቀመሳችሁ በኋላ አድርጉት። ስትጠርጉም አታንሱ፣ ግፉት። ማንሳት ግድ ከሆነ አካፋውን ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ በጉልበታችሁ ዝቅ በሉ፣ በትከሻ በላይ ወደ ኋላ መወርወር ወገብ የሚበጠስበት ነው፣ እግራችሁን ወደምትጥሉበት አዙሩ። ደረት ከከበዳችሁ፣ ክንድ ወይ መንጋጋ ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ስራው ይቅር፣ 911 ደውሉ።

ስኖው ብሎወር (ስኖው የሚጠርገው ማሽን) ያላችሁ ደሞ አፉ ሲዘጋ እጃችሁን እንዳትከቱ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ምላጩ ተወጥሮ የቆመ ሊሆን ስለሚችል ስኖው ሲለቀው ባንዴ ይሽከረከራል፣ ጣት ይወስዳል። አጥፉት፣ መሽከርከሩ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዛ በእንጨት ጎርጉሩት። ጋራዥ ውስጥም አታስነሱት፣ በሩ ክፍት ቢሆንም ጭሱ ይገድላል።

ጭስ ካልኩ አይቀር፣ መኪናው እንዲሞቅ አስነስቶ ልጆችን ውስጡ አስቀምጦ መጥረግ የተለመደ ነው፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን ከኋላ ጥረጉ። በጃንዋሪ 2016 ምስራቁን የመታው ትልቅ ስኖው ጊዜ ኒው ጀርሲ ውስጥ አባትየው ከውጪ እየጠረገ እናትና ህፃን ልጅ መኪና ውስጥ በዚህ ምክንያት ሞተዋል፣ ጭስ ማውጫው በስኖው ተደፍኖ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ቤታችሁንም ዞር ብላችሁ እዩት፣ ከግድግዳ ወጣ ያሉ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ካሉ የማሞቂያው መተንፈሻ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እነሱ ላይ ስኖው አትከምሩ፣ የተከመረም ካለ አንሱ።

የጠረጉትን ወደ መንገድ ወይም ወደ አሊው (ከቤት ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ) መግፋት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ክልክል ነው። የምትከምሩበትን ቦታ ገና በኖቬምበር አስቡበት፣ እስከ ማርች ሊቆይ ይችላል። ፕላው መኪናው (መንገድ ጠራጊው) አልፎ ድራይቭዌያችሁ አፍ ላይ የሚደፍነው ክምር ደሞ ሁሉንም ያናድዳል፣ እሱን ለመቀነስ ፊታችሁን ወደ መንገዱ አዙራችሁ ስትቆሙ በግራ በኩል ያለውን የመንገድ ዳር ሰፋ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ክምራችሁን በቀኝ አድርጉ። ፕላው የሚመጣው ከግራችሁ ስለሆነ የያዘውን እዛው ባዶ ቦታ ላይ አራግፎ ያልፋል። ከቤታችሁ ፊት የእሳት አደጋ ቧንቧ ካለ ዙሪያውን 3 ጫማ ያህል ክፍት አድርጉት።

በየቀኑ ጠርገው እዛው ቦታ ላይ ሁሌ በረዶ የሚሰራባቸው አሉ። አሸንዳውን እዩ። መውረጃው ሳይድዎኩ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ከጣሪያ የቀለጠው ሁሉ እዛው ነው የሚቀዘቅዘው፣ ዓመቱን ሙሉ ጨው ብትበትኑ አያልቅም፣ መቀጠያ ገዝታችሁ አፉን ወደ ሳሩ አዙሩት።

የመጨረሻው እንግዳ ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ቤታችን ሰው የሚሞላው ብርዱ በበረታበት ሰሞን ነው፣ ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናቶች ደሞ ነጠላ ለብሰው ሶላቸው ለስላሳ ጫማ አድርገው ይወጣሉ፣ እምቢ ቢሉም ቦት ጫማ አልብሷቸው። በርና መኪና መሀል ያለውን ብቻ አትጥረጉ፣ እሳቸው የሚወርዱበትን ጎን፣ በሩ የሚከፈትበትን፣ ሁለተኛው እግራቸው የሚያርፍበትን ቦታ ጥረጉና አሸዋ በትኑበት። የደረጃውን መብራት አብሩ፣ ክንዳቸውን ያዙ። ከወደቁ ደሞ ደንግጣችሁ ጎትታችሁ አታንሱ፣ እግር ማንቀሳቀስ ካልቻሉ ብርድ ልብስ ደርባችሁ 911 ጥሩ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነና ጭንቅላታቸውን ከመታቸው ግን ደህና ነኝ ልጄ ቢሏችሁም በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው፣ የውስጥ ደም መፍሰስ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።