በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያልተመለሰ ሪፈረንስን ፈልጎ ማረም

ከርነል ውስጥ አንድን ኦብጀክት የያዘ ኮድ ሁሉ በ«ጌት» የኦብጀክቱን የሪፈረንስ ቆጣሪ (ስንት ቦታ እንደተያዘ የሚቆጥረውን) በአንድ ይጨምራል፣ ሲጨርስ በ«ፑት» ይቀንሳል። ቆጣሪው ዜሮ ሲገባ ሜሞሪው ይለቀቃል። ፑት ከበዛ፣ ሌላው ገና እየሠራበት ያለ ሜሞሪ ይለቀቅበታል፤ ፑት ከተረሳ ሜሞሪው እንደተያዘ ይቀራል። የተረሳውን «ትንሽ ሜሞሪ ናት» ብላችሁ አትለፉት። በ2016 ይፋ የወጣው የኪሪንግ (ከርነሉ ቁልፎችን የሚይዝበት ክፍል) የደኅንነት ቀዳዳ መነሻው ይኸው ነበር፦ ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ ዞሮ ዜሮ እስኪገባ ድረስ እየተጨመረበት፣ ተራ ተጠቃሚ ሩት (የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን) ሊሆን ይችል ነበር።

መጀመሪያ የከርነሉን ሎግ እዩ። «አንደርፍሎው» ካለ ፑት በዝቷል፤ «አዲሽን ኦን ዜሮ» ካለ በሞተ ኦብጀክት ላይ ጌት ተጠርቷል። እነዚህን የሚያወጣው ከከርነል 4.11 ጀምሮ ያለው «ሪፍካውንት ቲ» የሚባል የቆጣሪ ዓይነት ነው፤ ቆጣሪው ተራ «አቶሚክ ቲ» ከሆነ ምንም አይናገርም። ስታክ ትሬሱ (ሎጉ ላይ የሚወጣው የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) የሚያሳየው ጉዳዩ የተነቃበትን ቦታ እንጂ ጥፋቱ የተሠራበትን አይደለም። ስለዚህ ካሳንን (የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተትን የሚይዝ የከርነል መሣሪያ) አብርታችሁ ሜሞሪውን ማን እንደለቀቀው ተመልከቱ።

በድራይቨሮች ውስጥ አዘውትሮ የሚገኘው ስህተት ግን ድምፅ የለሽ ነው። ድራይቨሮች የሃርድዌሩን ዝርዝር ከዴቫይስ ትሪ ያነባሉ፤ የዛፉ እያንዳንዱ ክፍል ኖድ ይባላል። «ፎር ኢች ቻይልድ ኦፍ ኖድ» የሚባለው የሉፕ ማክሮ በየዙሩ አዲሱን ልጅ ኖድ ራሱ ይይዛል፣ የቀደመውንም ራሱ ይመልሳል። እስከ መጨረሻው ከዞረ ዕዳ የለም። በመሃል በሪተርን፣ በብሬክ ወይም በጎቱ ከወጣችሁ ግን የዚያ ዙር ልጅ እንደተያዘ ይቀራል። ያልተለቀቀ ሜሞሪን የሚፈልገው ኬሜምሊክ ይህን አይነግራችሁም፤ ኖዱ ከዴቫይስ ትሪው ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ የጠፋ አይመስለውም።

ማረሚያው ከሪተርኑ በፊት «ኦፍ ኖድ ፑት» በልጁ ላይ መጥራት ነው፤ በብሬክ ወጥታችሁ ልጁን ከሉፑ በኋላ የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው አጠቃቀም በኋላ። ፑቱን በየዙሩ እንዲጠራ አድርጎ ማስገባት የጀማሪ ስህተት ነው፤ ማክሮው ስለሚመልሰው ሁለት ጊዜ ይመለሳል። አዲስ ከርነል ላይ ከሆናችሁ «ስኮፕድ» የሚል ቅጥያ ያለውን ማክሮ ምረጡ፣ በየትኛውም በር ብትወጡ ይመልስላችኋል። ታዲያ ልጁን ስትራክት ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ የራሱን ጌት ስጡት።

ስማቸው የሚያሳስት ፈንክሽኖችም አሉ። ዴቫይስን ከእንቅልፍ የሚያነቃው «ፒኤም ራንታይም ጌት ሲንክ» ኤረር ቢመልስም ቆጣሪውን ጨምሮ ነው፤ ከ5.10 ወዲህ «ሪዚዩም ኤንድ ጌት» የሚለው ይሻላል። «ዴቫይስ ሬጂስተር» ሳይሳካ ሲቀር በኬፍሪ (ሜሞሪን በቀጥታ በሚለቀው) ሳይሆን በ«ፑት ዴቫይስ» ነው የሚለቀቀው። «ኦፍ ፋይንድ ኖድ ባይ ኔም» ደግሞ «ፍሮም» ብላችሁ የሰጣችሁትን ኖድ ራሱ ይመልስባችኋል፤ በኋላ የምትፈልጉት ከሆነ አስቀድማችሁ ጌት አድርጉት።

ለመፈተሽ «ኦፍ ዳይናሚክ» የሚባለው የከርነል አማራጭ የበራበት ከርነል ያስፈልጋል፤ ከጠፋ የኖዶቹ ጌትና ፑት ባዶ ናቸው። ከዚያ ሉፑ ውስጥ ሆን ብላችሁ ኤረር አስመልሱ፣ ኖዶቹን በኦቨርሌይ (ዴቫይስ ትሪው ላይ በሥራ ወቅት በሚጨመር ቁራጭ) ጨምራችሁ አንሱ። ፑት ከቀረ ሎጉ «ኤክስፔክትድ ሪፍካውንት 1 ኢንስቴድ ኦፍ 2» ብሎ የኖዱን ስም ይጽፋል።