ቴክኒካል ትንተናን ለመማር የሚነሳ የግል ነጋዴ ከየት ይጀምር?

ቴክኒካል ትንተና ያለፈውን የዋጋ እንቅስቃሴ በቻርት እያነበቡ ቀጣዩን መገመት ነው። ጀማሪ ነጋዴ አመልካቾችን (በቻርቱ ላይ የሚጨመሩ የስሌት መለኪያዎችን) ከመደርደሩ በፊት ባዶውን ቻርት ማንበብ ይልመድ። በዕለታዊ ቻርት ላይ እያንዳንዱ ሻማ (የአንድ ቀን ዋጋ ምልክት) የቀኑን መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ያሳያል፤ ዋጋው ደጋግሞ የተመለሰባቸውን ደረጃዎች ካሰመረ በኋላ የ200 ቀን አማካይን (ያለፉት 200 የግብይት ቀናት የመዝጊያ ዋጋ አማካይን) ቢጨምር ለጅምሩ ይበቃዋል። ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያስተዋወቀው፣ የዋጋ ለውጥን ጥንካሬ የሚለካው አርኤስአይ የተባለ አመልካችም ሆነ መሰሎቹ የሚሰሉት ካለፈ ዋጋ ስለሆነ፣ አምስት እንዲህ ያሉ አመልካቾችን መደራረብ አንዱን ማስረጃ አምስት ጊዜ መቁጠር ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን የኪሳራ ስሌት ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የገንዘቡን 50 በመቶ ያጣ ሰው ወደ መነሻው ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። በእያንዳንዱ ግብይት 1 በመቶ ብቻ ለኪሳራ የሚያጋልጥ ነጋዴ 10 ጊዜ በተከታታይ ቢከስር 90 በመቶ ያህሉ ይተርፈዋል፤ 10 በመቶ የሚያጋልጠው ግን 35 በመቶ ገደማ ይቀረዋል። ስለዚህ የማቆሚያ ዋጋው (ኪሳራን ለመግታት የሚሸጥበት ዋጋ) ከመግዛቱ በፊት ይወሰን፦ 10,000 ያለውና 1 በመቶ ለማጋለጥ የቆረጠ ሰው በ50 የሚገዛውን አክሲዮን በ48 ለመሸጥ ከወሰነ፣ መግዛት የሚችለው 50 አክሲዮን ነው።

የአውሮፓ የዋስትናና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፣ በሲኤፍዲ (ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው ልዩነት ላይ በሚደረግ ውል) ከሚነግዱ የግለሰብ ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ገንዘብ ያጣሉ። በመሆኑም የመጀመሪያው ዓመት ግብ ደመወዝን መተካት ሳይሆን ገንዘብን ጠብቆ መማር ይሁን፤ የእያንዳንዱ ግብይት ምክንያት አስቀድሞ ይጻፍ፣ ውጤቱም ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ ይመዘገብ።