የጡረታ ፈንድ ሲነደፍ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ የጡረታ ስሌት አስተምራለሁ፤ አልፎ አልፎም ኮምቦልቻ ወርጄ የፋብሪካ የሰው ኃይል ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ሁለቱም ጋ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ፈንዱ ገንዘብ ሞልቶታል፣ አበሉ ለምን አይጨመርም?»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስሰማው ትዕግሥቴ ያልቃል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ በ25 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው 60 ዓመት የሚሞላው በ2038 ነው። እስከዚያ ከፋይ ነው። ከፋዩ ብዙ፣ ጡረተኛው ጥቂት ሲሆን ካዝናው መሙላቱ የግድ ነው። ያ ብር ግን ባለቤት አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ይጠየቃል።

እስኪ ወረቀት አውጡ። ከደመወዙ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ይዋጣል። 30 ዓመት ሲከፈል የ5.4 ዓመት ሙሉ ደመወዝ ይሆናል። በ2003ቱ አዋጅ ስሌት የመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። 5.4ን ለ0.55 አካፍሉ። ገንዘቡ ከደመወዝ ዕድገት እኩል ቢያተርፍ እንኳ አበሉን ለ10 ዓመት አያደርስም። ሰውየው እስከ 78 ዓመቱ ቢኖርስ? እሱ ሲሞትም ሚስቱ የአበሉን ግማሽ ትወስዳለች። ጉድለቱን የሚሸፍኑት ዛሬ ሥራ የሚጀምሩት ልጆች ናቸው። አበል ይጨመር የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ስሌት ሠርቶ ያሳየኝ።

ሁለተኛው፣ በአንድ ትንበያ መተማመን። አንድ ተማሪ የ50 ዓመት ሠንጠረዥ ሠርቶ አመጣልኝ። የዋጋ ንረቱ ከላይ እስከ ታች 8 በመቶ፤ ቅጥሩም በየዓመቱ ያድጋል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሥራውም ንጹሕ ነው። ግን 2014ን ኮምቦልቻ ሆኖ ያየ ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል? በጦርነቱ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ሥራ ቆመ። በዚያው ዓመት አሜሪካ አገሪቱን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ አስወጣቻት። የዋጋ ንረቱም ከ30 በመቶ አለፈ። ሥራ ሲቆም መዋጮ ይቆማል፤ ጡረተኛው ግን ወር በገባ ቁጥር አበሉን ይጠብቃል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ዓምድ ይኑር፦ ደህናው፣ መካከለኛውና ክፉው። ክፉው ዓምድ ላይ ቅጥሩ ይውረድ፣ ንረቱ ይውጣ፣ ጡረተኛው ዕድሜ ይጨምር፤ ሦስቱም ባንድ ጊዜ። ፈንዱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከዚያ ላይ አንብቡ።

የፈንዱን ገንዘብ ከዋጋ ንረት በታች በሚከፍል የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት የሚበደርበት ወረቀት) ላይ ብቻ ማስቀመጥ ሌላው ነው። ብሩ በቁጥር ያድጋል፣ የሚገዛው ዕቃ ግን ያንሳል።

አበልን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ ማስላትም አይጠቅምም። 27 ዓመት በትንሽ ደመወዝ የተዋጣለት ሰው ሊወጣ ሲል ደመወዙ ከተሰቀለ፣ ልዩነቱን የሚከፍሉት ሌሎቹ ናቸው። የሙሉ አገልግሎቱ አማካይ ይሻላል። ግን የድሮው ደመወዝ በደመወዝ ዕድገት ልክ ይታደስ። ያለዚያ በ2005 የነበረው ደመወዝ እንዳለ ከተደመረ ጡረተኛውን መዝረፍ ነው።

10 ዓመቱም እንደ ገደል ነው። 9 ዓመት የሠራ ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ተቀብሎ ይሸኛል፤ 10 የሞላ ዕድሜ ልኩን 30 በመቶ ያገኛል። ቀስ በቀስ የሚያድግ መብት ይሁን።

የመጨረሻው፣ «ችግር ሲመጣ ያኔ እናስተካክላለን» ማለት። ያኔ ማንም አይደፍርም። ስዊድን ማመጣጠኛውን ሕጓ ውስጥ አስቀድማ አስገባች፤ የሥርዓቱ ዕዳ ከሀብቱ ሲበልጥ የአበሉ ዕድገት በራሱ ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ላይ ዋለና አበል ቀነሰ። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ወሰነችና ፈንዷ ሳይደርቅ መዋጮውን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 9.9 በመቶ አደረሰች። እኛ ጋ የስዊድኑን እንዳለ መገልበጥ አልደግፍም። ከአበሉ ጤፍ መግዛት ያቃተው ጡረተኛ ላይ ቅነሳ አይሠራም። ዝቅተኛው አበል አይነካ፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ መዋጮውና የጡረታ ዕድሜው ምን ሲሆን በስንት እንደሚለወጡ ግን ከመነሻው በአዋጁ ይጻፍ።